ስም አውጥታ ስም ያጣችው ድምፃዊት

በጃንዋሪ 1961 ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ፍሎረንስ ባላርድ የምትባል የ17 ዓመት ልጃገረድ የስሞች ዝርዝር ቀረበላት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጓደኞቿ ጋር የምትዘፍንበት ቡድን «ፕራይሜትስ» ይባል ነበር። ሊያስፈርማቸው የተዘጋጀው የሙዚቃ ኩባንያ ግን ስሙን አልፈለገውም። የኩባንያው ሠራተኛና የዘፈን ግጥም ደራሲ የነበረችው ጄኒ ብራድፎርድ አማራጭ ስሞች ሰብስባ አመጣችላት፤ ፍሎረንስም ዝርዝሩን አይታ «ሱፕሪምስ» የሚለውን መረጠች። ጓደኞቿ ሲሰሙ አልወደዱትም። ዳያና ሮስ እንዲያውም የወንዶች ቡድን ስም መሰላት። ምርጫው ግን ጸና፤ ውሉም በዚያው ስም ተፈረመ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ይህችው ፍሎረንስ ሌላ ወረቀት ላይ ፈረመች። በዚህኛው መሠረት አዲስ ዘፈን ብታወጣ፣ መድረክ ብትይዝ፣ ራሷን ለማስተዋወቅ «የሱፕሪምስ አባል ነበርኩ» ማለት አትችልም። በሁለቱ ፊርማዎች መካከል ባሉት ዓመታት ቡድኑ ከአንድ የጥቁሮች መንደር ተነሥቶ የዓለምን ታላላቅ መድረኮች ረግጧል። የሱፕሪምስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሁለት ሴቶች መካከል እንደነበረ ቅናት ነው፤ ዳያና ወጣች፣ ፍሎረንስ ወደቀች ተብሎ። እኔ ግን ታሪኩን በተከታተልኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በወረቀቶቹ ላይ ነው። ዝናው የማን ንብረት እንደሆነ የተወሰነው መድረክ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ልጆቹ ያደጉት ብሩስተር-ዳግላስ በሚባለው የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች መንደር ነው። ወላጆቻቸው ከደቡብ ክፍላተ ግዛቶች በመኪና ፋብሪካ ሥራና በተሻለ ኑሮ ተስፋ ወደ ሰሜን የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከልጆቹ አንዷ ሜሪ ዊልሰን ራሷ የተወለደችው ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። በ1959 «ፕራይምስ» የተባለ የወንዶች ቡድን ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሚልተን ጄንኪንስ ለወንዶቹ እህት የሚሆን የሴቶች ቡድን ለማቋቋም አሰበ። መጀመሪያ ያገኘው ፍሎረንስን ነው። እሷ ሜሪን ጠራች፣ ቀጥሎ ዳያና ተጨመረች፣ አራተኛዋ ቤቲ ማክግላውን ነበረች። ስለዚህ ፍሎረንስ ስም አውጪ ብቻ አልነበረችም። ቡድኑ በእሷ ዙሪያ ነው የተሰባሰበው። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ ወፍራምና ሰፊ ድምፅ ነበራት፤ በጅማሬው ዘመን ከሦስቱ ሁሉ ጎልታ የምትሰማው እሷ ነበረች።

በ1960 ቤሪ ጎርዲ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛና የዘፈን ደራሲ ፊት ቀርበው ተፈተኑ። ጎርዲ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር 800 ዶላር ተበድሮ የሸክላ ኩባንያ የጀመረ ሰው ነው፤ ኩባንያው በኋላ «ሞታውን» በሚለው ስም ዓለም አወቀው። ልጆቹን ሰምቶ መጀመሪያ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ መከረና አሰናበታቸው። እነሱ ግን አልራቁም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በየቀኑ ዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ ወደሚገኘው፣ ግንባሩ ላይ «ሂትስቪል ዩ.ኤስ.ኤ.» ተብሎ ወደተጻፈበት ቤት ይሄዱ ነበር። ለሌሎች ዘፋኞች ሲያጨበጭቡና ሲቀበሉ ቆይተው በመጨረሻ የራሳቸውን ውል አገኙ።

በዚያው የጥበቃ ዘመን፣ በ1960፣ ፍሎረንስ ላይ ከባድ ነገር ደረሰ። አንድ የምታውቀው ሰው ቢላ አውጥቶ አስገድዶ ደፈራት። ለሳምንታት ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ሜሪ ዊልሰን በ1986 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ እንደጻፈችው፣ ከዚያ በኋላ የተመለሰችው ልጅ ከዚያ በፊት የሚያውቋት ፍሎረንስ አልነበረችም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ቁስል የሚያክም ቀርቶ አንሥቶ የሚያወራም አልነበረም። ሰዎች ከዓመታት በኋላ «ጠባየ ቢስ ሆነች፣ መጠጥ አበዛች» እያሉ ሲፈርዱባት ይህ ሸክም በማንም አፍ አልተነሣም።

ዝናውም ቶሎ አልመጣም። ከ1961 ጀምሮ የወጡት አብዛኞቹ ነጠላ ዘፈኖች ተራ በተራ ከሸፉ። በኩባንያው ኮሪደር «ሂት የሌላቸው ሱፕሪምስ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። በእነዚያ ዓመታት ፍሎረንስ በመሪ ድምፅ የተጫወተችው «በተርድ ፖፕኮርን» የተሰኘ ዘፈን ነበር፤ እሱንም ገበያ አልቀናውም። ቤቲን የተካችው ባርባራ ማርቲን በ1962 ስትወጣ ሦስት ቀሩ። ጎርዲም ከዚህ በኋላ መሪዋ ድምፃዊት ዳያና ብቻ እንድትሆን ወሰነ። የዳያና ድምፅ ቀጭን፣ ጥርት ያለና ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ ኃይሉ ከፍሎረንስ አይወዳደርም። ነገር ግን ዘመኑ የመኪናና የትራንዚስተር ሬዲዮ ዘመን ነበር። በትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ እንደ ዳያና ያለ ድምፅ ጫጫታውን ሰንጥቆ ይሰማል። በንግድ ዓይን ካየነው ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የፍሎረንስን ጉዳት ግን ትክክለኛነቱ አያቀልለውም።

ብራያን ሆላንድ፣ ላሞንት ዶዚየርና ኤዲ ሆላንድ የተባሉ ሦስት ደራሲዎች «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» የሚለውን ዘፈን ያቀረቡት መጀመሪያ «ማርቬሌትስ» ለተባለው ሌላ የኩባንያው የሴቶች ቡድን ነበር። እነሱ አንፈልግም አሉ። ሱፕሪምስም አልወደዱትም፤ ሕፃናዊ መሰላቸው። ግን እምቢ ለማለት አቅሙ አልነበራቸውም። በ1964 በጋ ዘፈኑ ሲወጣ ልጆቹ በዲክ ክላርክ የሙዚቃ ጉዞ ላይ ነበሩ፤ ብዙ ዘፋኞች በአንድ አውቶቡስ ተጭነው ከከተማ ከተማ የሚዞሩበት ጉዞ ነው። ሲነሡ ስማቸው በማስታወቂያው ግርጌ በትንሹ ነበር የሚጻፈው። ከተማ በተለወጠ ቁጥር ግን ጭብጨባው እየበረታ ሄደ፤ ሰዉ ዘፈኑን በሬዲዮ ሰምቶ ነበር የሚጠብቃቸው። ጉዞው ሲያልቅ የምሽቱ ዋና እንግዶች እነሱ ሆኑ። በኦገስት ዘፈኑ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ቁንጮ ላይ ወጣ። «ቤቢ ላቭ» ተከተለ፣ ቀጥሎ «ካም ሲ አባውት ሚ»፣ «ስቶፕ! ኢን ዘ ኔም ኦፍ ላቭ»፣ «ባክ ኢን ማይ አርምስ አጌን»፤ አምስት ዘፈኖች በተከታታይ አንደኛ ሆኑ። እስከ 1969 ድረስ ቁንጮ የደረሱት 12 ናቸው። በ1966 ደግሞ «ኤ ጎ ጎ» የተሰኘው አልበማቸው በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የሴቶች ቡድን አልበም ሆነ።

ይህ ሁሉ የመጣበት መንገድ መነገር አለበት። ጎርዲ በወጣትነቱ የፎርድ ኩባንያ የሊንከን-ሜርኩሪ መገጣጠሚያ ውስጥ ሠርቷል፤ ባዶ ሻሲ በአንድ በር ገብቶ በሌላው አዲስ መኪና ሆኖ ሲወጣ አይቷል። ያንኑ አሠራር ወደ ዘፈን አመጣው። በዚያው ቤት ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ «ፋንክ ብራዘርስ» የሚባሉት ሙዚቀኞች ቀንና ሌሊት ይቀርጻሉ፤ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጄምስ ጃመርሰን በዚያ ክፍል ውስጥ የተጫወታቸው መስመሮች ዛሬም ባሲስቶች የሚማሩባቸው ናቸው። በየሳምንቱ ስብሰባ ይጠራና የትኛው ዘፈን ይውጣ፣ የትኛው ይቅር ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። ልጆቹ ራሳቸውም ይሠራሉ፦ ማክሲን ፓወል አቀማመጥና አረማመድ፣ ከመኪና አወራረድ፣ ለጋዜጠኛ አመላለስ ታስተምራለች፤ ቾሊ አትኪንስ እንቅስቃሴውን፣ ሞሪስ ኪንግ ሙዚቃውን ያለማምዳል። ፓወል ለተማሪዎቿ በነገሥታትና በፕሬዚዳንቶች ፊት እንድትቆሙ ነው የማዘጋጃችሁ ትላቸው ነበር። በጥቁሮች ላይ የነበረው የዘር ገደብ ባልተነሣበት አገር ይህ አባባል ድፍረት ነበር፤ የሲቪል መብቶች ሕግ እንኳ የተፈረመው ልጆቹ በዚያ አውቶቡስ ላይ እያሉ፣ በጁላይ 1964 ነው።

ከዚያ በዲሴምበር መጨረሻ እሑድ ምሽት በኤድ ሰለቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። ሦስት ጥቁር ወጣት ሴቶች፣ እንደ እመቤት ለብሰው፣ እንደ እመቤት ቆመው፣ በመላው አሜሪካ ሳሎን ገቡ። ኦፕራ ዊንፍሬይ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች፤ ያየችው ነገር ስለ ራሷ ያላትን ግምት እንደለወጠው በተለያዩ ጊዜያት ተናግራለች። በጅማሬው ቀሚሳቸውን ራሳቸው ነበር የሚሰፉት፤ ዳያና በካስ ቴክኒካል ትምህርት ቤት የልብስ ቅድ ተምራለች። ጥቂት ቆይቶ ግን በእጅ የተለጠፈ ጨሌና ሉል የሚከብዳቸው ቀሚሶች መጡ። በጁላይ 1965 ኒው ዮርክ ኮፓካባና ተጫወቱ፤ ከዚያ ላስ ቬጋስ፣ ለንደን፣ ቶኪዮ።

የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በእነዚያው ዓመታት ወደ እኛም ዘልቋል። አስመራ ቃኘው በተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የነበረው ሬዲዮ ሶልና አር ኤንድ ቢ ያሰማ ስለነበር የአስመራና የአዲስ አበባ ባንዶች ከእሱ ብዙ ቀስመዋል። የ1960ዎቹን መጨረሻ የአማርኛ ሸክላዎች የሚያደምጥ ሰው በነፋሾቹና በባሱ አካሄድ ውስጥ ያንን ዘመን ይሰማዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሜሪ ዊልሰን በመጽሐፏ እንዳሰፈረችው ውላቸው የሚሰጣቸው ከሸክላው መሸጫ ዋጋ 90 በመቶው ላይ ተሰልቶ 3 በመቶ ነው፤ እሱም ግብርና የማሸጊያ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ። አንድ ነጠላ ዘፈን በ75 ሳንቲም ቢሸጥ ለመላው ቡድን የሚደርሰው ሁለት ሳንቲም ገደማ ሲሆን ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ከአንድ ሳንቲም በታች ይሆናል። ከዚያ ላይ የስቱዲዮው ወጪ ይታሰባል። ሸክላውን የሚያሳትመው ሞታውን፣ የዘፈኑን መብት የያዘው የሞታውን አሳታሚ ድርጅት፣ የልጆቹ ሥራ አስኪያጅም የሞታውን ሌላ ቅርንጫፍ ነበር። ዘፋኟ ከኩባንያው ጋር ስትከራከር ስለ እሷ ሆኖ የሚከራከርላት ሥራ አስኪያጅ የዚያው ኩባንያ ደመወዝተኛ ነው። ይህ ሁሉ በጎርዲ ክፋት የተፈጠረ አይደለም፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ኩባንያዎች ለወጣት ዘፋኞች የሚሰጡት ውል ከዚህ አይሻልም ነበር። ሞታውን ግን የጥቁሮች ቤት ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆቹም ወላጆቻቸውም እንደ ቤተሰብ አምነው ፈረሙ።

ፍሎረንስ በ1966 እና 1967 ደከመች። የጉዞው ብዛት፣ ከመሪ ድምፃዊነት ወደ ተቀባይ ድምፃዊነት መውረዷ፣ ውስጧ የቀበረችው ቁስል ተደራርበው መጠጥ አበዛች፤ አንዳንድ መድረክም ቀረች። ጎርዲ ከፓቲ ላቤል ቡድን ሲንዲ በርድሶንግን አስመጥቶ በተጠባባቂነት አስለመዳት። ቡድኑ «ዳያና ሮስ ኤንድ ዘ ሱፕሪምስ» የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። በጁላይ 1967 ላስ ቬጋስ ፍላሚንጎ ሆቴል ውስጥ ነገሩ አበቃ። ፍሎረንስ ወደ ዲትሮይት ተላከች፤ መድረኩ ላይ በእሷ ቦታ ሲንዲ ወጣች። በዚያው ወር ዲትሮይት በአመፅ ነድዳ 43 ሰዎች ሞቱ።

በፌብሩዋሪ 1968 ወደ 140 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተቀብላ ከሞታውን ጋር ያላትን ሁሉ ጨረሰች። ቶማስ ቻፕማን የተባለ የቀድሞ የሞታውን ሾፌር አግብታ በኤ.ቢ.ሲ. ኩባንያ ሁለት ነጠላ ዘፈኖች አወጣች። ማን እንደሆነች ለመናገር ያልተፈቀደላት ዘፋኝ በምን ትታወቅ? ሁለቱም አልሸጡም፤ አልበሟ ሳይወጣ ቀረ። ገንዘቧን ያስተዳድር የነበረው ጠበቃ አጎደለብኝ ብላ ከሰሰች። በ1971 ሞታውንን በሚሊዮኖች ዶላር ብትከስም ፍርድ ቤቱ የቀደመውን ስምምነት መሠረት አድርጎ ውድቅ አደረገባት። ቤቷን ባንክ ወሰደው። ሦስት ሴት ልጆቿን ይዛ ከመንግሥት የድጎማ ገንዘብ ላይ ወደቀች፤ የዲትሮይት ጋዜጣ ሲያገኛት በዚያ ሁኔታ ላይ ነበረች፤ ዜናው አገሩን ዞረ።

ስሙ ያለ ፍሎረንስ መሥራቱን ቀጠለ፤ ቀስ በቀስ ያለ ሌሎቹም መሥራት ጀመረ። በ1968 በወጣው «ላቭ ቻይልድ» ላይ ከዳያና ጀርባ የሚሰሙት ሜሪና ሲንዲ አይደሉም፤ «አንዳንቴስ» የሚባሉት የኩባንያው የስቱዲዮ ተቀባዮች ናቸው። የቡድኑ የመጨረሻ ቁንጮ ዘፈን «ሳምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር» በዲሴምበር 1969 ሲነግሥ ሸክላው ላይ ከቡድኑ አባላት የዘፈነችው አንዷ ዳያና ብቻ ነበረች። አድማጩ ግን ሦስት ጓደኛሞች አንድ ላይ ሆነው ስንብታቸውን የሚዘፍኑ መስሎት አለቀሰ። የሱፕሪምስ ስም ለመሸጥ ሱፕሪምስ አያስፈልጉም ነበር ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍሎረንስ መባረር ቀጥሎ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ጃንዋሪ 14 ቀን 1970 ላስ ቬጋስ ፍሮንቲየር ሆቴል ዳያና ተሰናበተች። በእሷ ቦታ የገባችው ጂን ቴረል ነበረች። ጎርዲ ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ዘፋኝ ትግባ ቢል ሜሪ እምቢ አለች፤ ምናልባትም በዚህ ቡድን ታሪክ ውስጥ የአንድ አባል እምቢታ የኩባንያውን ቃል የገታበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የ1970ዎቹን ሱፕሪምስ እንደ ተረፈ ምርት የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። «አፕ ዘ ላደር ቱ ዘ ሩፍ» እና «ስቶንድ ላቭ» ከቀድሞዎቹ አያንሱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ሦስቱም ሴቶች ይሰማሉ። «ስቶንድ ላቭ» በአሜሪካ ሰባተኛ፣ በብሪታንያ ሦስተኛ ወጥቷል። እንግሊዞች በተለይ ለጥቂት ዓመታት አልለቀቋቸውም።

ከዚያ ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ ከሞታውን ጋር ተጣልተው ከሄዱ ቆይተዋል። ኩባንያው በ1972 ዲትሮይትን ለቅቆ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ልቡም ገንዘቡም በዚያው ዓመት በወጣው የዳያና ፊልም «ሌዲ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» ላይ ነበር። አባላቱ ተለዋወጡ፦ ሊንዳ ሎረንስ፣ ሼሪ ፔይን፣ ሱዜይ ግሪን፤ ሁሉም ብርቱ ድምፃውያን ናቸው። ሬዲዮው ግን ወደ ዲስኮ ዞሮ ነበር። በ1976 አንድ ዘፈናቸው 40ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ደረጃ አልደረሱም። ጁን 12 ቀን 1977 ለንደን ድሩሪ ሌን ቴአትር የመጨረሻውን ዝግጅት አቀረቡ። ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ የቆየችው ሜሪ ብቻ ነበረች።

ፍሎረንስ ያንን ቀን አላየችም። በ1975 ተስፋ ታይቷት ነበር፦ የካሳ ገንዘብ አግኝታ ቤት ገዛች፤ ዲትሮይት ፎርድ አዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ የበጎ አድራጎት ምሽት መድረክ ላይ ወጥታ ዘፈነች፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበላት። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1976 የልቧን የደም ሥር በዘጋ የረጋ ደም በ32 ዓመቷ አረፈች። ቀብሯ በኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ ሥርዓቱን የመሩት የአሬታ ፍራንክሊን አባት ፓስተር ሲ. ኤል. ፍራንክሊን ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገዱን ዘግቶ ቆመ። በድህነት ስትኖር ያላስታወሳት ከተማ በሞቷ ቀን ትከሻ ለትከሻ ተጋፋላት።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ገንዘብና ሽልማት ማምጣቱን አላቆመም። በ1981 ብሮድዌይ ላይ የታየው «ድሪምገርልስ» ታሪኩ ከእነሱ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በ2006 ፊልም ሲሆን ጄኒፈር ሃድሰን የፍሎረንስን በሚመስለው ገጸ ባሕርይ ኦስካር አገኘች፤ ጎልደን ግሎብ ስትቀበልም ፍሎረንስን በስሟ አነሣቻት። በ1988 ቡድኑ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ዳያና አልተገኘችም። ሜሪ ከፍሎረንስ ልጅ ጋር ቆማ ተቀበለች። በ2000 ዳያና «ሱፕሪምስ» በሚል ስም የመልሶ መገናኘት ጉዞ ተነሣች፤ ሜሪ በክፍያው ልዩነት ቅር ተሰኝታ አልሄደችም። ከዳያና ጋር መድረክ የወጡት እሷ ቡድኑን ከለቀቀች በኋላ የገቡት ሊንዳና ሼሪ ነበሩ፤ ሦስቱ አብረው ዘፍነው አያውቁም ነበር። ትኬቱ ስላልተሸጠ ጉዞው በጥቂት ከተሞች ታይቶ ተቋረጠ።

ሜሪ ግን ነገሩን ቁጭት ብቻ አድርጋ አልተወችውም። ከሞታውን ጋር በስሙ ለዓመታት ተሟገተች። ቀሚሶቹን ሰብስባ ጠበቀች፤ በ2008 ለንደን በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። «ሻ ና ና» ከተባለው የሙዚቃ ቡድን አባል ከነበረው ጆን ባውማን ጋር ሆና ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እየቀረበች አንድ ሕግ እንዲወጣ ወተወተች፤ በአንድ ታዋቂ ቡድን ስም መድረክ የሚይዙ ሰዎች ቢያንስ አንዳቸው በሸክላው ላይ የዘፈነ ይሁን፣ ካልሆነም ትኬት የሚገዛው ሕዝብ እውነቱን ይወቅ የሚል ነው። ሕጉ በበርካታ ክፍላተ ግዛቶች ጸድቋል። ሜሪ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2021 በ76 ዓመቷ ስታርፍም አዲስ ሥራ ለማውጣት እየተዘጋጀች ነበር፤ ከሁለት ቀን በፊት ይህንኑ በቪዲዮ ለአድናቂዎቿ ነግራ ነበር።

ሕጉ የብዙ አሮጌ ዘፋኞችን እንጀራ አድኗል፤ እሷም በሙሉ ልቧ የደከመችለት ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው በስሙ የመጠቀም መብቱን ያልለቀቀን ዘፋኝ ነው። በውል ፈርሞ ስሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው በዚህ ሕግ አይመለስለትም። ፍሎረንስ ባላርድ በሕይወት ኖራ ያንን ሕግ ይዛ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ኖሮ፣ የ1968ቱ ወረቀት ፊቷ ላይ ይዘረጋላት ነበር።